ፊዚክስን የት እንማር?

ከእናንተ መካከል ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ዛሪማ የወረደ አይጠፋም። ይህ መንገደኛ ደባርቅ ላይ ውኃውን ጠጥቶ የባዶውን ፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን አጥብቆ ከዘጋው፣ ቆላው ሲደርስ ማንም ሳይነካው ጎኑ ወደ ውስጥ ተጨማዶ ያገኘዋል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቆረቆረች በመሆኗ አየሯ ስስ ነው። የቆላው አየር ግን ግፊቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ደጋ ላይ የታሸገውን ስስ አየር ከነጠርሙሱ ይጨመድደዋል። ብዙው ሰው ጠርሙሱን ያይና በመስኮት ይወረውረዋል፤ ይህም ነውር ነው። አንዳንዱ ግን «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለዚያ ለጠያቂው ነው።

ጠያቂው ተማሪ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ የመግቢያ ውጤት ሲያመጣ፣ የሚማርባቸውን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል እንዲመርጥ ይጠየቃል። ምደባው በውጤትና በቦታ ብዛት የሚወሰን ቢሆንም፣ ቅደም ተከተሉ ግን የተማሪው የራሱ ነው። መምህር በነበርሁበት ዘመን ይህ ምርጫ እንዴት እንደሚፈጸም አይቻለሁ። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንዱ ከሌላው እየቀዳ ይሞላል። «አዲስ አበባን ለምን አስቀደምህ?» ሲባል «ከተማ ነዋ!» ይላል። «ጎንደርንስ?» «እኅቴ እዚያ አለች።» «ደባርቅንስ?» «እናቴ ብቻዋን ናት።» እነዚህ ሁሉ የሰው ልጅ ምክንያቶች ናቸውና አልነቅፋቸውም፤ የመጨረሻውንማ እንዴት አድርጌ! ነገር ግን ከመካከላቸው ስለ ፊዚክስ የሚናገር አንድም የለም።

በበኩሌ ፊዚክስን የሚሻ ተማሪ አስቀድሞ ቤተ ሙከራውንና መምህራኑን፣ ከዚያ በኋላ ከተማውን ይምረጥ እላለሁ። ይህን የምለው ከራሴ ጉድለት ተነሥቼ ነው። እኔ በሠለጠንሁበት ተቋም የፊዚክስ መሣሪያዎች ነበሩ፤ የነበሩት ግን በተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። የፔንዱለምን ውዝዋዜ የተማርሁት በሰሌዳ ላይ በጠመኔ ከተሣለ ሥዕል ነበር። ዲፕሎማዬን ይዤ በዳባት አካባቢ ማስተማር እንደ ጀመርሁ፣ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ቆላ አክስቴ ዘንድ ባቄላ ቶሎ ይበስላል፤ እዚህ ግን እንጨቱ ያልቃል እንጂ ባቄላው አይበስልም። እሳቱ አንድ አይደለም?» ብላ ጠየቀችኝ። «ነገ እነግርሻለሁ» አልኋት። ሌሊቱን መጽሐፍ ሳገላብጥ አደርሁ። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውኃ በዳባትና በደባርቅ ከፍታ በ91 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ፣ ከዚያ በኋላ እሳት ቢጨመርበት ውኃው ይተናል እንጂ ሙቀቱ እንደማይጨምር ተረዳሁ። በማግሥቱ ነገርኋት። በቴርሞሜትር ለክቼ ላሳያት ግን አልደፈርሁም፤ ቴርሞሜትር ጨብጬ አላውቅም ነበርና።

ነገሩ በእኔ ዕፍረት ብቻ ቢቀር ባልከፋ። መሣሪያ ሳይነካ በፊዚክስ የተመረቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመልሶ የፊዚክስ መምህር ይሆናል፤ ተማሪዎቹም ከእርሱ የሚወርሱት ቀመር መሸምደድን ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የውድቀቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ጦርነቱም አንዱ ነው። እኔ ግን ያን የተቆለፈ ቁም ሣጥን ከምክንያቶቹ መካከል አላወጣውም።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንመለስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት የተከፈተ አንጋፋ ተቋም ነው። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (በ1957 እና 58 እ.ኤ.አ.) አካባቢ የተቋቋመው የምድር መግነጢስና የመሬት መንቀጥቀጥ መከታተያ ጣቢያ የሚገኘው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ፣ ከዚያ የሚገኘውን ልኬት ሌላው ዓለምም ይሻዋል። ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲው በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በራሱ የመግቢያ ፈተና ተማሪ ስለሚቀበል፣ ወደዚያ የሚያስብ ሰው ዝግጅቱ የተለየ መሆን አለበት። ከደባርቅም 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1992 ዓ.ም. የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱና የመምህራን ኮሌጁ ተጣምረው ነው። ስለሆነም የእጅ ሥራውና የማስተማሩ ልምድ በአንድ ተቋም ውስጥ ተገናኝተዋል። አዮኖስፌር የሚባለውን የላይኛውን የከባቢ አየር ክፍል የሚያጠኑ የፊዚክስ ምሁራንም አሉት። እኔ ዛሬ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ብሆን ይህን አስቀድም ነበር። ጎንደር ደግሞ ለደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው። ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. በጤና ማሠልጠኛነት ስለ ጀመረ፣ ስሙ ሲጠራ ለሰው ሁሉ የሚታየው ነጭ ጋውን ነው። ራጅ የሚነሣው በፊዚክስ ሕግ መሆኑን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ወላጆቻችሁ «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ቢሏችሁ ከአለማወቅ የመነጨ አይምሰላችሁ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ሲደርስ፣ ደባርቅም ከቆላው የተፈናቀሉትን ስታስጠልል አይታችኋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን መንገድ በተደጋጋሚ ተዘግቷል። ልጇን ለማየት መንገድ እስኪከፈት ወራት የጠበቀች እናት ቅርቡን ብትመርጥ ማን ይፈርድባታል? ቅርበት ግን ጥያቄ ከመጠየቅ ነጻ አያወጣም።

ጥያቄው ምንድን ነው? ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ገቢ ተማሪ መጀመሪያ የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳል፤ የትምህርት ክፍሉን የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ይህም ማለት ዩኒቨርሲቲውን የምትመርጡት ፊዚክስን ከመምረጣችሁ በፊት ነው። ፊዚክስን በፈቃዱ የሚመርጥ ጥቂት በመሆኑም፣ ትምህርት ክፍሉ ስሙ ኖሮ ተማሪ ሊያጣ፣ ወይም ሌላ ፈልገው ባልደረሳቸው ልጆች ሊሞላ ይችላል። ያለ ፍላጎት ከተቀመጠ ሰው ጎን አራት ዓመት መማር ቀላል አይደለም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን ሳያልፉ መመረቅ የለም። ስለዚህ ሦስተኛ ዓመት ላይ ስንት የፊዚክስ ተማሪ እንዳለ፣ ቤተ ሙከራው በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚከፈት ጠይቁ። የምትጠይቁትም ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የመጣውን ተማሪ እንጂ ስለ ከተማው ውበት የሚያወራውን አይደለም።

ያቺ ስለ ባቄላ የጠየቀችኝ ልጅ ምርጫዋን በምትሞላበት ወራት እንዲህ አደረገች። ለዕረፍት የመጣ የፊዚክስ ተማሪ ከጎረቤት አገኘችና «በዓመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ መሣሪያ በእጅህ ነካህ?» አለችው። ልጁ በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ ሦስተኛው ጣት ላይ ሲደርስ ቆመና ሳቀ። እርስዋም ያን ዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያው ረድፍ ሰርዛ ሌላ ጻፈች። የትኛውን እንደ ሰረዘች እዚህ አልናገርም፤ ከዚያ ወዲህ ቁም ሣጥኑን ከፍተውት ሊሆን ይችላልና።