አሸዋው ይቆይ

የልጅ ልጄን ከመዋዕለ ሕፃናት ለማምጣት በሄድኩበት ቀን፣ መምህርቷ እስክትለቃት ድረስ በቅጥሩ ውስጥ ቆሜ ግድግዳውን ስመረምር፣ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ድረስ ነጭ ጓንት ያጠለቀ አይጥ፣ የመርከበኛ ቆብ የደፋ ዳክዬ፣ ሌላ አይጥ የምታሳድድ ድመት፣ ከእነርሱም ማዶ በረዶ የለበሰ ተራራ በደማቅ ቀለም ተሥለው አገኘኋቸው። ሠዓሊው እጁ የሠለጠነ ነው፤ ይህን አልክድም። የልጆቹ የገዛ ራሳቸው ሥራ ግን፣ ይኸውም በቀለም እርሳስ የሣሉት ፀሐይና ቤት፣ እናትና ዶሮ፣ ከመማሪያ ክፍሉ በር ጉበን በላይ በገመድ ተሰቅሎ ስለ ነበር፣ ልጅቷ ሥዕሏን ልታሳየኝ ስትፈልግ «አባባ፣ አንሡኝ» ማለት ግድ ሆነባት። ትከሻዬ ላይ ተቀምጣ ወረቀቷን በጣቷ ነክታ ካሳየችኝ በኋላ፣ ወደ ውጭ ስንወጣ ቀና ብላ አይጡን አየችና «ጓንት ያደረገው በርዶት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አላገኘሁም።

ርእሰ መምህርቷን በትሕትና ባነጋግራቸው «ልጆቹ ይወዱታል» አሉኝ። ይወዱት ይሆናል። እኔ ቆሜ ባየሁበት ሰዓት ግን ልጆቹ ለዚያ ሁሉ ቀለም ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ከውኃው ቧንቧ ሥር በረጠበው አፈር ዙሪያ ተንበርክከው በእንጨት ቦይ ይቆፍሩ ነበር። ለሕፃናት ጥበብን እናቀርባለን ስንል የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሁሉን ፈጽመንና ቀለም ቀብተን ከጨረስን በኋላ ሕፃኑን ተመልካች ብቻ እንዲሆን እንጠራዋለን፤ እርሱ ግን ገና ያልተፈጸመ፣ እጁ ሊገባበት የሚችል ጎደሎ ነገር ይፈልጋል። ዘመናዊው ሥነ ጥበብም በዕድገቱ ዘመን ካገኛቸው ዐበይት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

በገጠር ያደገ ሰው የጭቃ በሬ እንዴት እንደሚሠራ አይረሳም። እረኛው ልጅ ከወንዝ ዳር የሚያጣብቀውን ጥቁር ጭቃ ቆርጦ፣ በመዳፉ እያሸ አካሉን ካበጀ በኋላ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሻኛውን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ያቆማል፤ እግሮቹ አራት ጉብታዎች ናቸው፤ ቀንዶቹ ሁለት የግራር እሾሆች ናቸው፤ ዓይንም፣ አፍም፣ ጅራትም የለውም። ይህን የመሰለ ግዑዝ ነገር በፀሐይ እንዲደርቅ ድንጋይ ላይ ሲያቆመው ግን፣ ጓደኞቹ መጥተው «ይህስ ወይፈን ነው»፣ «የለም፣ ያረጀ የእርሻ በሬ ነው» እያሉ ይከራከሩበታል። ከበሬው ባሕርይ የሚያስፈልገውን ብቻ መርጦ ሌላውን መተው እንግዲህ ሊቃውንቱ ረቂቅ ሥዕል የሚሉት ነገር መነሻ ነው፤ ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተምሮ የተመለሰበትም መንገድ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በእንዲህ ያለ ሥዕል ፊት ቆሞ «ይህንንማ የእኔም ልጅ ይሥለዋል» ብሎ የሚሳለቅ ሰው፣ ሳያውቅ ለልጁም ለሠዓሊውም ምስጋና እያቀረበ ነው።

የፊደል ገበታውንም ከዚሁ እቈጥረዋለሁ። ጌጥ የለው፣ ሥዕል የለው፤ ፊደላቱ በየቤታቸው፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በሰባት ረድፍ ተሰልፈው ይቀመጣሉ፤ ቀሪውን የሚፈጽመው በስንደዶ እየጠቆመ የሚጮኸው ሕፃን ነው። ብዙ ልጆች የተማሩበት አሮጌ ገበታ ቢገኝ ከሁሉ ይልቅ የተፋቀው የመጀመሪያው ቤት እንደሚሆን ማንም ያውቃል፤ ስንደዶው አብዝቶ ያረፈበት ስፍራ ነውና።

በ1923 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ባውሃውስ የተባለው የጀርመን የጥበብ ትምህርት ቤት በቫይማር ከተማ «ሐውስ አም ሆርን» የሚባለውን አርአያ ቤት ለትርኢት ባቆመ ጊዜ፣ የሕፃናቱን ክፍል ዕቃ የነደፈችው አልማ ቡሸር የምትባል ተማሪ ነበረች። ሴቶች ተማሪዎች እየተመረጡ ወደ ሽመናው ክፍል በሚላኩበት በዚያ ትምህርት ቤት፣ እርሷ ወደ እንጨት ሥራው ተዛውራ የሠራችው ቁም ሣጥን ሣጥኖቹ ሲወጡ ወንበርና ጠረጴዛ የሚሆኑ፣ መዝጊያው ሲከፈት ደግሞ የአሻንጉሊት ቴአትር መስኮት የሚሆን ነበር። በዚያው ዘመን የሠራችው ሌላው ሥራ 22 ቀለም የተቀቡ ቁርጥራጭ እንጨቶች ናቸው፤ ተገጣጥመው መርከብ ይሆናሉ፤ ሕፃኑ ከፈለገ ደግሞ ድልድይ፣ በር ወይም ስም ያልወጣለት ነገር ያደርጋቸዋል። እርሷ በ1944 በአየር ድብደባ ሞተች፤ እንጨቶቹ ግን ዛሬም ይመረታሉ። ከነዚያ እንጨቶች በአንዱ ላይ እንኳ የሚስቅ ፊት አልተሣለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የአምስተርዳም ታሪክ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚያች ከተማ ልጅ በዝቶ መጫወቻ ጠፍቶ ነበር፤ በመሐል ከተማውም፣ አይሁዳውያን ነዋሪዎቻቸው ተግዘው ያለቁባቸውና በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው የረሃብ ክረምት ሕዝቡ እንጨታቸውን ለማገዶ ነቅሎ የጨረሳቸው ቤቶች ፈርሰው፣ ባዶ ቦታቸው እንደ ወለቀ ጥርስ ይታይ ነበር። በከተማው የሥራ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው ወጣቱ አርክቴክት አልዶ ቫን አይክ በ1947 በርተልማንፕላይን በሚባል አደባባይ የመጀመሪያውን የሕፃናት መጫወቻ ሲያበጅ፣ ያደረገው ነገር ተነግሮ የሚያልቅ ነው፤ ሰፊ የሲሚንቶ ከንፈር ያለው የአሸዋ ጉድጓድ፣ በአሸዋው ውስጥ ጥቂት ክብ ድንጋዮች፣ የሚገለበጡባቸው የብረት ዘንጎች፣ ዛፎች፣ ለወላጆችም አግዳሚ ወንበሮች። ከዚህ በቀር ምንም የለም።

ያ የሲሚንቶ ከንፈር ብዙ ያስተምራል። ስፋቱ ሕፃን እየሮጠ ሊሄድበት፣ የአሸዋ እንጀራውን ሊጋግርበት ይበቃል፤ ከፍታው ደግሞ ለደከማት እናት መቀመጫ ይሆናል፤ አንዱ ነገር ለልጁ መንገድም ገበታም፣ ለእናቱ ወንበር ሆኖ ሁለቱን በአንድ ዙሪያ ያስቀምጣቸዋል። ለቤተሰብ የሚሆን ጥበብ ምን እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ይህን የሲሚንቶ ጠርዝ አሳየው ነበር። ቫን አይክ የዝሆንም ሆነ የጉማሬ ምስል አላቆመም፤ በብረት ቅስት የተሠራው ጉልላት ግን ዛሬ ተራራ፣ ነገ ቤት፣ ከነገ ወዲያ ሕፃናት ተንጠላጥለው ወሬ የሚያወሩበት ሸንጎ ይሆናል። ነዋሪዎቹም ይህን ባዩ ጊዜ ለየሰፈራቸው እንዲሠራላቸው ለከተማው ደብዳቤ ይጽፉ ጀመር፤ በ1978 ሥራው እስኪያበቃ ድረስ ከ700 በላይ መጫወቻዎች ተሠሩ። ከነዚህ አብዛኞቹ ዛሬ ጠፍተዋል፤ ይህም ያሳዝናል።

በእኛም አገር ይህን መንገድ የያዘ አልጠፋም። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በአዲስ አበባ በመካኒሳ ያቋቋሙትና በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ቤተ መዘክር፣ ግድግዳው አያቶቻችን በሚያውቁት የጭቃና የጭድ ምርግ የተሠራ ሲሆን፣ በቅጥሩ ውስጥ የሕፃናት ትምህርት ቤትም አለው። ጭቃው በጣት ተሞጅሮና ተጠርቦ መስመር ስለ ወጣበት፣ ሕፃን ሲያልፍ በእጁ እየዳሰሰ ይሄዳል፤ ከአዋቂውም አብሮ የማይዳስስ አላየሁም።

ሁሉም ሰው ዞማን ይሥራ እያልኩ አይደለም፤ ገንዘቡም፣ ጊዜውም፣ ተሰጥዖውም የት ይገኛል! ነገር ግን በየኮንዶሚኒየሙ በሕንፃና በሕንፃ መካከል የተተወው ቦታ በመኪና ከተሞላ በኋላ በአንድ ጥግ የፕላስቲክ ሸርተቴ ተክለን «ለሕፃናትም አስበናል» የምንለው ነገር ያስተዛዝባል፤ ሸርተቴው ቀትር ላይ እንደ ምጣድ ስለሚግል ልጆች የሚቀርቡት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወላጆች ለራት ይጠሯቸዋል።

እኔ በምኖርበት ግቢ፣ ለፍሳሽ ቦይ ጥገና ተብሎ አንድ ሲኖትራክ አሸዋ ከሁለት ወር በፊት ተራገፈ። ጥገናው ዘገየ፤ አሸዋው ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአራቱም ሕንፃ የሚወጡ ልጆች፣ ስማቸውን እንኳ የማይተዋወቁት ሳይቀሩ፣ ክምሩን ተከፋፍለው ዋሻና ቤተ መንግሥት፣ ገበያና መስኖ ይሠሩበታል፤ በላስቲክ ጠርሙስ ውኃ የሚያመላልሱ አሉ፤ በቆርኪ ቂጣ የሚጋግሩ አሉ፤ እናቶችም የቡና ረከቦታቸውን ይዘው አጠገቡ መቀመጥ ጀምረዋል። የልጅ ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ ቦርሳዋን ለእኔ ሰጥታ ወደዚያው ትሮጣለች፤ ካልሲዋን ሳራግፍ የሚወጣው አሸዋ አንድ ሲኒ ይሞላል።

ባለፈው እሑድ የነዋሪዎቹ ማኅበር ተሰብስቦ ስለ አሸዋው ተነጋገረ። አንዱ ጎረቤቴ ግቢውን አቈሸሸ ብለው እንዲነሣ ጠየቁ፤ ሌላው ለመኪናቸው ማቆሚያ ቦታውን ይፈልጉት ነበር። እኔም እጄን አውጥቼ፣ ዙሪያውን በድንጋይና በሲሚንቶ ሰፋ አድርገን ብንከብበው፣ ሽማግሌም እናትም ሊቀመጥበት እንደሚችል፣ ወጪውም ከሸርተቴው እንደሚያንስ አስረዳሁ፤ ስለ አምስተርዳም ግን፣ ይሳቅብኛል ብዬ፣ አልተናገርኩም። ሊቀ መንበሩ በደብተራቸው ጻፉትና ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። ስብሰባው በሚቀጥለው ወር ነው፤ ቦይ ጠጋኞቹ እስከዚያ እንዳይመጡ ብቻ እየጸለይኩ ነው።