አዲስ የዳይም ስብስብ
የአሜሪካን ዳይም ለመሰብሰብ ለተነሳ ጀማሪ፣ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የሚቀረጸው የሩዝቬልት ምስል ያለበት ባለ 10 ሳንቲም ከሁሉም የተሻለ መነሻ ነው። እስከ 1964 የተሠራው 90 በመቶ ብር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለገበያ የወጣው ግን መዳብና ኒኬል ነው። ከእጅ ወደ እጅ ያልተላለፈ ዳይም ጭረት ቢኖርበት አያስገርምም፤ ገና ከመቅረጫው ሲወጣ ከመሰሎቹ ጋር ይጋጫል። ፕሩፍ የሚባለው ለሰብሳቢ ታስቦ የተሠራ ነው፦ በተወለወለ ጥፍጥፍ ላይ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ስለሚመታ መደቡ እንደ መስታወት ያበራል። ከ1968 ወዲህ በሳን ፍራንሲስኮ የተሠራው ፕሩፍ የ«ኤስ» ምልክት አለው፤ ምልክቱ ተረስቶ ያመለጠው የ1975 ፕሩፍ እጅግ ብርቅና ውድ ነው፤ የጀማሪ ምኞት ሊሆን ግን አይገባም። ሳንቲሙ በጠርዙ ይያዛል፤ ለማሳመር ብሎ መፈተግ ዋጋውን ይገድላል፤ ለስላሳ የፒቪሲ ፕላስቲክ ማኖሪያም በጊዜ ብዛት አረንጓዴ ዝቃጭ ይተውበታል።