ጥፋቱ የፊደሉ አይደለም

በዙሪክ ቪዲኮን ሠፈር የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ፣ ከሠፈሩ ብዙም ከማይርቀው የካንዝላይ የቅዳሜ አሮጌ ዕቃ ገበያ ፔሊካን 140 ገዛ። ከ1952 እስከ 1965 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን አገር ሲመረት የኖረ፣ ጫፉ 14 ካራት ወርቅ የሆነ የቀለም ብዕር ነው። ለጌጥ አልገዛውም፤ ጎንደር ላለች እኅቱ በእጁ ደብዳቤ ሊጽፍበት ነው። ብዕሩ በጀርመንኛ አድራሻ ሲጻፍበት ያለ አንዳች እንከን ይፈሳል። አማርኛው ሲጀመር ግን ከየፊደሉ መነሻ ላይ ቁራጭ እያስቀረ ይሄዳል፦ «ሰ» አንድ እግሯን አጥታ ትቆማለች፣ የ«ጠ» መሐል ይጠፋል። ብዕር ወደሚጠግን ባለሙያ ወሰደው። ባለሙያው ወረቀት ላይ የ8 ቁጥርን ቅርጽ ደጋግሞ ዞረበት፣ ፊርማውን አኖረበት፣ ጤነኛ ነው ብሎ መለሰለት። ሰውየውም ወዳጆቹ ፊት ፍርዱን ሰጠ፦ ፊደላችን ለእንዲህ ዓይነት ብዕር አልተፈጠረም።

ፍርዱ የተሳሳተ ነው። ስሕተቱም የእሱ ብቻ አይደለም፤ የቆየ ነው። የጽሕፈት መኪና ወደ አገራችን ሲገባ የመኪናው ቁልፎች ለፊደላችን አልበቁም። ኢንጂነር አያና ብሩ መኪናውን ለአማርኛ ለማስማማት የደከሙት ድካም ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ግን ክርክሩ ዞረ፤ መኪናው ይሻሻል ከማለት ይልቅ ፊደሉ ይቀነስ፣ ቅርጹ ይለወጥ የሚሉ ሊቃውንት ተነሡ። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም፤ የማተሚያው ወጪና ድካም እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ኮምፒውተር መጣና ፊደሉ ከነቤተሰቡ፣ ከነዲቃላው ገባበት። ጠባብ የነበረው መኪናው ነው። የቪዲኮኑ ሰው ያንኑ ክርክር ነው በአንዲት የብዕር ጫፍ ላይ የደገመው።

የብዕሩን ሕመም ለማየት አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። የወርቁ ጫፍ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ ሁለት ጥርስ ሆኗል፤ ቀለሙ በስንጥቁ ወርዶ ጥርሶቹ ጫፍ ላይ ከተበየደችው ጠንካራ ነጥብ ይደርሳል። አንዱ ጥርስ ከሌላው ከፍ ካለ ወረቀት ይቧጭራል፤ ይህን በጥፍር ቀስ አድርጎ ገፍቶ ማስተካከል ይቻላል። ስንጥቁ ከጠበበ ቀለም ይነፍጋል፤ ለዚህ ስስ የናስ ቅጠል ማሳለፍ ነው። የዚህ ብዕር ችግር ግን ሦስተኛው ነው፦ አንድ የቀድሞ ባለቤት እንዲለሰልስለት ብሎ ከመጠን በላይ አሽቶታል። ነጥቧ ከውስጥ፣ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ፣ ተድቦልቡላለች። ስለዚህ ብዕሩ ወረቀት ሲነካ የሚያርፈው በሁለቱ ጉብታዎች ላይ ነው፤ ቀለሙ በመካከላቸው ካለው ጎድጓዳ ውስጥ ሆኖ ወረቀቱን አይደርስበትም። ጥቂት ከተጎተተ ወይም ከተጫኑት በኋላ ነው የሚወርደው።

ተያያዥ የላቲን ጽሕፈት የሚጽፍ ሰው ይህን እምብዛም አያስተውልም። እጁ ካረፈ በኋላ ቃሉ እስኪያልቅ ላይነሣ ይችላል፤ ጎደለ ቢባል የሚጎድለው የመጀመሪያው ሆሄ ጅራት ነው። ባለሙያው የዞረበት የ8 ቁጥርማ ከነጭራሹ እጅ አያስነሣም፣ ሕመሙን ሊያሳይ አይችልም። የእኛ ፊደል ግን ለብቻው ቆሞ ይጻፋል። «ዙሪክ» ብሎ ለመጻፍ እጅ አምስት ስድስት ጊዜ ተነሥቶ ያርፋል። ባረፈ ቁጥር ብዕሩ ወዲያው መጻፍ አለበት። እንግዲህ ለላቲን ጸሐፊ በቃል አንዴ የሚከሰተው ጉድለት ለአማርኛ ጸሐፊ በየጭረቱ ይከሰታል። ብዕሩን ጤነኛ ያለው ባለሙያ አልዋሸም፤ ለራሱ እጅ ጤነኛ ነው።

መድኃኒቱ እጅግ ደቃቅ በሆነ መሞረጃ ላይ ጥቂት ቀላል ጭረት ነው፤ ጉብታዎቹ ወርደው ስንጥቁ ወረቀት እስኪነካ። በየሦስት አራት ጭረቱ ቆሞ በመነጽር ማየት ግድ ነው፤ የተፋቀች ነጥብ አትመለስም። ድፍረት ያለው ደግሞ ጫፉን ወደ ጠፍጣፋነት ማስጠጋት ይችላል። ያኔ ወደ ታች የሚወርደው ጭረት ይወፍራል፣ አግድሙ ይቀጥናል፤ የብራና ጽሕፈታችንም መልክ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ሰብሳቢዎች ይጮኻሉ፦ አሮጌ ብዕር አይነካም፣ እንደ ተሠራ ይቆይ! ይህ ብዕር ግን በብዛት ተመርቶ ተማሪና ጸሐፊ የሠራበት ዕቃ እንጂ ታቦት አይደለም። ደግሞም የዚህ ሞዴል ጫፍ ተሽከርክሮ ይወልቃል፤ የሚሳሳ ሰው ዋናውን ወረቀት ጠቅልሎ ያስቀምጥና ሌላ ያስሞርድ። ቁም ጸሐፊ ሸምበቆውን በገዛ ቢላዋው ቀርጾ፣ ሲደነዝዝ መልሶ እየቀረጸ ነው የጻፈው። በብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ዛሬም የብዕር መሞከሪያ ጭረቶች ይታያሉ፤ የሞከረውም በፊደሉ ነው እንጂ በ8 ቁጥር አይደለም።

ስዊሶችም ቢሆኑ በዚህ ጉዳይ ከጭቅጭቅ ነጻ አይደሉም። ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ካንቶኖች ልጆችን ሲያስተምሩበት የኖሩት ክር መሰል ተያያዥ ጽሕፈት አስቸግሮ፣ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የትምህርት ኃላፊዎቻቸው ባዚስሽሪፍት የተባለውን፣ ሆሄያቱ በግድ የማይያያዙበትን እንዲጠቀሙ መከሩ። እጃቸውን ደጋግመው ማንሣት ጀመሩ ማለት ነው፤ በዚህ በኩል ወደ እኛ ጥቂት ቀርበዋል።

አማርኛ በእጅ ማን ይጽፋል፣ ስልክ አለ አይደል የሚል ይኖራል። ስልኩ ብዙ አግዟል፤ ክርክር የለም። የቪዲኮኑ ሰው ግን ሊጽፍ ፈልጎ ነው የተቸገረው። በፊደሉ ላይ ፈርዶ ብዕሩን መሳቢያ ውስጥ ከከተተ፣ እኅቱ የምትቀበለው ደብዳቤ የለም፤ ቤቱ ያለው ልጅም የአባቱን የእጅ ጽሕፈት የሚያየው በጀርመንኛ አድራሻ ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ብዕሩን ይዞ ወደዚያው ባለሙያ ይመለስ። ከመክፈሉ በፊት ራሱ ይቀመጥና፣ ሳይጫን፣ «ሐምሌ»፣ «ጠጅ»፣ «ሰላምታ» ብሎ ይጻፍለት፤ ባለሙያውም በአጉሊ መነጽሩ የየፊደሉን መነሻ ይመልከት። አንድም እግር ከጎደለ ሥራው አላለቀም።