ደርሱ ገራዶ ደርሷል?

 

የእረፍት ጊዜ ሲቃረብ በየዶርሙ የተለመደ ሥራ አለ። ዲስክ የሚጽፍ ኮምፒውተር ያለው ተማሪ ይፈለጋል፤ ባዶ ሲዲ ይገዛል፤ ቲላዋ፣ የመሻይኾች ደርስ፣ መንዙማ ይቀዳል። ኒያው ያማረ ነው፤ ገራዶም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሆነ ከሚሴ ለሚጠብቁን ቤተሰቦች የሚጠቅም ነገር ይዞ ለመግባት ነው። ችግሩ የሚመጣው ሲዲው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለው ዴክ ዲስኩን ይውጠዋል፣ ጥቂት ያንገራግራል፣ ከዚያ አላነብም ይላል። እናት ዴኩ የተበላሸ ይመስላቸዋል። ልጅ "ኮምፒውተሩ ላይ እኮ ይሠራል" ይላል። ልጁ አልዋሸም፤ ደርሱ ግን አልተሰማም።

"ስልክና ቴሌግራም ባለበት ዘመን ስለ ሲዲ ምን ያስጨንቃል?" የሚል አይጠፋም። ቴሌግራሙ ለእኛ ነው። ስማርት ስልክ የሌላቸው፣ ቢኖራቸውም ለካርድ የሚያወጡት የሚያሳስባቸው፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ምንም የማይደርሳቸው እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። ዴኩን ግን ያውቁታል፤ ከፍተው ሥራቸውን እየሠሩ ያዳምጡበታል። ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው፦ በተቀባዩ ቤት ያልተከፈተ ሲዲ እንደተሰጠ አይቆጠርም። ስንት ሲዲ እንዳከፋፈልን ከመቁጠር በፊት ስንቱ እንደተሰማ መጠየቅ ይገባናል።

ዲስኩ ለምን እምቢ ይላል? አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ዴኩም ሲዲውም አይደለም፤ አጻጻፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲዲ በራሱ ይጽፍ ነበር፤ ለዲቪዲ ግን እንደ ኔሮ ያለ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልገው ነበር። በ2007 ለገበያ የቀረበው ቪስታ ዲቪዲንም ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ባዶ ዲስክ ሲገባ ዊንዶውስ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፦ ዲስኩ እንደ ፍላሽ ሊያገለግል ነው ወይስ በሲዲና በዲቪዲ ማጫወቻ ሊከፈት? ቀድሞ ተመርጦ የሚጠብቀው የመጀመሪያው ነው። ብዙ ሰው ሳያነብ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በዚህ መንገድ የተጻፈ ዲስክ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሊከፈት ይችላል፤ የቤት ዴክ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያውቀውም። ለገራዶው ቤት የሚያስፈልገው ሁለተኛው ምርጫ ነው።

ሁለተኛው መሰናክል የፋይሉ ዓይነት ነው። በስልክ የተቀረጸ የኤምፒ ፎር ቪዲዮ ዲስክ ላይ ስለተገለበጠ ብቻ የዲቪዲ ፊልም አይሆንም። ብዙዎቹ የቆዩ ዴኮች እንዲያነቡት በዲቪዲ ቪዲዮ መልክ መቀየር አለበት። ቪስታና ዊንዶውስ 7 ለዚህ የሚሆን ዲቪዲ ሜከር የተባለ ፕሮግራም በአንዳንድ እትሞቻቸው ይዘው ነበር፤ በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ግን አስቀረው። ስለዚህ አዲስ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሌላ ፕሮግራም መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

ድምፅም የራሱ ልክ አለው። ሲዲው በኦዲዮ ሲዲ መልክ ከተጻፈ የሚይዘው 80 ደቂቃ ነው፤ ማንኛውም ሲዲ ማጫወቻ ግን ያነበዋል ተብሎ ይጠበቃል። በኤምፒ ስሪ ከሆነ 700 ሜጋባይቱ ከ10 ሰዓት በላይ ደርስ ሊይዝ ይችላል፤ አሮጌ ማጫወቻ ግን ላያነበው ይችላል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የእኛ ኮምፒውተር ሳይሆን የተቀባዩ ዴክ ነው። አስቀድሞ ደውሎ "ቤት ያለው ማጫወቻ ምን ዓይነት ነው?" ማለት ብዙ ድካም ያድናል።

በዚህ ላይ መብራት አለ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍ ዲስክ እየተጻፈ ሳለ ኃይል ከተቋረጠ ብዙ ጊዜ ለጥቅም አይውልም። ባትሪው በሚሠራ ላፕቶፕ፣ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ፣ በመካከል ሌላ ሥራ ሳይከፍቱ መጻፍ ይሻላል። ተጽፎ ሲያልቅም በጻፈው ኮምፒውተር ሳይሆን በተራ ዴክ መሞከር አለበት። ይህ ዝርዝር ለአንዳንዶች ጥቃቅን ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ኢትቃን የምንለው፣ ሥራን አጥርቶ መሥራት፣ በሶላት ሰፍና በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ የሚፈለግ አይደለም። ለአላህ ብለን የምንሰጠው ስጦታ እስከ መጨረሻው ሊታይ ይገባዋል።

እስካሁን ያወራነው ወደ ቤት ስለምንወስደው ነው። ከቤት ማምጣት ያለብን ደግሞ ይበልጣል። ወሎ የጌታ፣ የዳና፣ የጀማ ንጉሥ አገር ነው። ዒልሙ ከሸኽ ወደ ደረሳ በአንደበት፣ በእጅ በተገለበጠ ኪታብና በዐጀም በተጻፈ መንዙማ ሲተላለፍ ኖሯል። በየቤቱ ካሉት አሮጌ ዲስኮች መካከል ኢንተርኔት ላይ የማይገኝ፣ የአካባቢ ሸኽ ደርስ ወይም የመንደር ሐድራ የተቀረጸባቸው ይኖራሉ። ከተናገሩት አባቶች ወደ አኼራ የሄዱም አሉ።

እነዚህ ዲስኮች ዘላለማዊ አይደሉም። ቤት ውስጥ የተጻፈ ሲዲ ፋብሪካ ውስጥ እንደታተመው አይደለም፤ ጨረር የሚጽፈው በቀለም ንጣፍ ላይ ነው፤ ፀሐይና ሙቀት ያንን ቀለም ይጎዱታል። ብዙ ሰው ከሥር ያለውን የሚያብረቀርቅ ገጽ ይጠብቃል፤ በሲዲ ላይ ግን ይበልጥ የሚያሰጋው ስም የሚጻፍበት ላይኛው ገጽ ነው፤ መረጃውን የያዘው ንጣፍ ከሱ ሥር በጣም ቀርቦ ይገኛልና። በእስክሪብቶ ጫፍ መቧጨር ሊያጠፋው ይችላል።

የየማማውን ዘመቻ እናስታውስ። ቁርኣንን በልባቸው የያዙ ብዙ ሶሓቦች በየማማ ሲወድቁ ዑመር (ረ.ዐ) ቁርኣኑ በአንድ ላይ እንዲሰበሰብ ለአቡበክር (ረ.ዐ) ሐሳብ አቀረቡ፤ ሥራውም ለዘይድ ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ) ተሰጠ። በልብ የተያዘው በጽሑፍም ተጠበቀ። የእኛ ቅጂዎች ከአላህ ቃል ጋር የሚነጻጸሩ አይደሉም፤ ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ የሚሰበሰበው ከመጥፋቱ በፊት ነው፤ በአንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር ደግሞ አደራው አልተሟላም። ይህን እኛም በቅርብ አይተናል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዘርፈዋል። በአንድ ኮምፒውተር ብቻ የተቀመጠ ነገር ምን ሊገጥመው እንደሚችል ከዚያ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ስለዚህ ለጀመዓችን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። አንደኛ፣ ከእረፍት በፊት ለቤተሰብ የሚላኩ ዲስኮች በአንድ ዴክ ሳይሞከሩ አይውጡ፤ ዴኩም የጀመዓው ንብረት ሆኖ ይገዛ። ሁለተኛ፣ ከእረፍት ስንመለስ እያንዳንዳችን ከቤታችን ወይም ከጎረቤት አንድ አሮጌ ዲስክ በውሰት እናምጣ፤ ይዘቱ ሳይቆረጥና ጥራቱ ሳይቀነስ ይገልበጥ፤ ዲስኩ ለባለቤቱ ይመለስ። ሦስተኛ፣ የተናጋሪው ስም፣ ቦታውና ዘመኑ ከሚያውቁ ሽማግሌዎች ተጠይቆ ይመዝገብ። አራተኛ፣ ቅጂው ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ አንዱ ደሴ አንዱ ኮምቦልቻ፣ ይቀመጥ። ሸኹ በሕይወት ካሉ ከእርሳቸው፣ ከሌሉ ከቤተሰባቸው ፈቃድ ሳይገኝ ግን ለሕዝብ አይሰራጭ። የሰው ድምፅም አማና ነው።

የኮምፒውተር ተማሪዎቻችን ለዚህ የሚበቃ ዕውቀት አላቸው፤ የቀሩት ደግሞ አሮጌው ዲስክ የተቀመጠበትን ቤት ያውቃሉ። አላህ ያግራልን፤ ሥራችንንም ይቀበለን።