ኮሶን በቀለሙ ማን ያትምልን?

ኮሶ ሴትና ወንድ አለው። የሴቷ ዛፍ አበባ ቀላ ይላል፣ የወንዱ ነጣ ይላል። ለሆድ ትል መድኃኒት የሚመረጠው የሴቷ ነው። እናቶቻችን ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለጋቸውም፤ ቀለሙን አይተው ይለዩታል።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ሲገባ፣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰዓሊ አብሮት ነበር። ኮሶንና ዋጊኖስን በውሃ ቀለም የሣለው እሱ ነው። አገሩ ሳይመለስ ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፉን ኤዲንብራ ሲያሳትም ሥዕሎቹን የራሱ አስመሰላቸው። ቀለማቸውም ቀረ፤ በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጸው በጥቁር ታተሙ። ዋጊኖስ እንኳ ዛሬ በሳይንስ ስሙ «ብሩሲያ» ነው፤ በብሩስ ስም ማለት ነው።

ያን ጊዜ በቀለም ማተም አይታወቅም ነበር እንዳትሉ። ለ ብሎን የሚባል ሰው ሰማያዊ፣ ቢጫና ቀይ ሰሌዳ አንዱን ባንዱ ላይ እያተመ ካሳየ ቆይቷል። ጥቂት ቆይቶም የፓሪሱ ሬዱቴ አበቦቹን ሲያሳትም፣ ለእያንዳንዱ ቅጂ ሰሌዳው ላይ የየክፍሉ ቀለም በጨርቅ ይቀባ፣ ከታተመ በኋላ በብሩሽ ይስተካከል ነበር። ወጪው ከባድ ነው። ስለዚህ ቀለም የሚደርሰው ባለጸጋ ገዢ ላለው አበባ ነበር።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። ጥቁሩን ሥዕል ያየ አንባቢ የኮሶን ቅርጽ ያውቃል፤ ቀይዋን ከነጣው መለየት ግን አይችልም። የባላገሩ እውቀት የጠፋው እዚያ ላይ ነው።

«ዛሬ ስልክ አለ፣ ፎቶ ይበቃል» ትሉኝ ይሆናል። ፎቶ አንዲትን ዛፍ በአንድ ቀን ያሳያል። ሰዓሊ ግን የሴቷንና የወንዱን አበባ፣ ቅጠሉንና ፍሬውን ጎን ለጎን በአንድ ገጽ ያስቀምጣል። ተማሪ የሚማረው ከዚያ ነው።

ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አለን፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አለን፣ ሥዕል የሚችል ወጣትም አናጣም። ማተሚያውም ዛሬ ሰሌዳ በጨርቅ አያስቀባም። ኮሶን፣ አስታን፣ የቡይት ራስን ጅብራ በአማርኛ ስማቸውና በትክክለኛ ቀለማቸው የያዘ መጽሐፍ ለትምህርት ቤቶቻችን ይታተም። ከየሥዕሉ ሥርም የሰዓሊውና እውቀቱን የሰጡት አዛውንት ስም ይጻፍ። የባሉጋኒ ሥዕሎች አሜሪካ፣ የል ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠዋል። ቀዩን ኮሶ የሚለዩት እናቶች ግን ገና እዚሁ ከእኛ ጋር ናቸው፤ ሳያመልጡን እንጠይቃቸው።