አጋምን በተረት ብቻ የሚያውቅ ትውልድ

ወገን! «ካጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚለውን ተረት ፖለቲካ ስናወራ ሁላችንም እንጠቅሳለን። ግን ስንቶቻችን ነን አጋም ከነእሾሁ ታግለን ለቅመን የበላነው? ከተማ ያደገውን ተዉት። ገጠር ያለውን ታናሽ ወንድምህን ዶቅማ ታውቃለህ ብትለው «ምንድን ነው እሱ?» ሊልህ ይችላል።

ሾላ፣ ዋንዛ፣ ዶቅማ፣ ኮሽም፣ እንኮይ የእረኛ ምሳ ነበሩ። ክረምት ላይ ጎተራው ሲራቆት ደጋው ሳማ ቀቅሎ ያልፈዋል። ያ የሚለበልበው ሳማ ከበሰለ አይለበልብም። የደጋችን ሳማ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ ዝርያ ነው። እኛ ግን «የድሃ ምግብ» ብለን አፈርንበት።

የት ሄዱ? ጫካው ታረሰ፣ ወሰኑ ተመነጠረ፣ የቀረውን ባህር ዛፍ ወረሰው። በምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ ማገዶ ተብሎ የገባ ዛፍ ዛሬ የማሳው ጌታ ሆኗል። አዊ፣ ፋግታ ለኮማ ደግሞ ብዙ ማሳ ለከሰል በሚተከል ዲከረንስ ተይዞ ነበር። ገበሬውን ለመውቀስ እንዳትቸኩሉ! የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ሰው አጣና ሸጦ ይከፍላል፤ ዕዳውን በዶቅማ የሚቀበለው ማን ነው? ዋንዛውም ለጣውላ ይቆረጣል፣ ተተኪውን ችግኝ ከብት ይግጠዋል።

ደቡብ ጎንደርን ከላይ የተነሳ ፎቶ እዩ። እርሻው መሀል ጠብ ጠብ ያለው አረንጓዴ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። የአገር በቀል ዛፎቻችን መጠጊያ እሱ ነው የቀረው። ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱ ጋር ሆነው ደኖቹን በድንጋይ ካብ ለማስከበር የደከሙት ከብት ገብቶ ችግኙን እንዳይጨርሰው ነው።

እኛስ? «መሬታችን» እያልን እንጮሃለን፣ የሚበቅልበትን ግን ስሙን አናውቅም። በየክረምቱ ለችግኝ ተከላ እንጠራለን፣ ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን። ዘንድሮ ጉድጓድ ከመቆፈራችን በፊት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ እንጠይቅ፦ ችግኝ ጣቢያው ምን አፈላ? ዋንዛ አለ? ኮሽም አለ? ከሌለ ለምን?

እንደ እኔ ዲግሪ ይዛችሁ ቤት የተቀመጣችሁ፣ ጊዜ እንደሆነ ሞልቶናል (ሌላ ምን አለን!)። አያቶቻችሁ ጋ ቁጭ በሉና የትኛው ፍሬ በስንተኛው ወር እንደሚበስል፣ የትኛው እንደማይበላ ጠይቃችሁ ጻፉ። እነሱ ካለፉ የሚነግረን የለም።

በእናንተ አካባቢ ዛሬም የሚለቀመው የትኛው ነው? ስሙንና ወረዳውን ኮመንት ላይ አስቀምጡልን።