ውሻ ባልበላበትም ይጮኻል

ወዳጆቼ፣ መስቀል ደረሰ። አዲስ አበባ ጭር ልትል ነው። የመርካቶ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ወደ ወልቂጤና ቡታጅራ የሚሄዱ መኪኖች ከአሁኑ ሞልተዋል። አገር ቤት እናት ትጠብቃለች፣ ክትፎው ይጠብቃል። ሂዱ! በዓልን ከወላጅ ጋር እንደማሳለፍ ያለ ነገር የለም።

ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ውሻውስ?

"ውሻው ደግሞ ምን ሆነ?" የምትሉ አትጠፉም። የሚሆነውን ልንገራችሁ። አባወራው ሻንጣ ይጭናል፣ ልጆቹን ያስገባል፣ ጋዙ መዘጋቱን ሁለቴ ያያል፣ በሩን ሦስቴ ይቆልፋል። ከዚያ ለውሻው አንድ ሳህን ፍርፋሪና አንድ ጎድጓዳ ውሃ አስቀምጦ "በል እንግዲህ ቤቱን ጠብቅ!" ብሎት ይሄዳል። ለ5 ቀን። በሜትር ተኩል ሰንሰለት እንደታሰረ።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን 1 ሊትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል። የ5 ቀን 5 ሊትር ማለት ነው። ጎድጓዳዋ ብትይዝ 2 ሊትር ትይዝ ይሆናል፤ እሷንም ገና በመጀመሪያው ቀን ሰንሰለቱ ጠልፎ ይደፋታል። የቀሩት ቀናት በምን ይለፉ? ድሮ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ፈተና ላይ ባወጣ "ቲቸር፣ መረጃ ጎድሎታል" ትሉኝ ነበር። የጎደለው ሰው ነው።

"ውሻ በበላበት ይጮኻል" እንላለን። ባልበላበትም እንደሚጮኽ ግን አምና በመስቀል ሰሞን ሰፈራችን በደንብ ሰምቷል። አንድ ግቢ ውስጥ የታሰረ ውሻ ሦስት ሌሊት ሙሉ ጮኸ። በመጀመሪያው ሌሊት ሌባ ነው ብለን ወጣን። በሁለተኛው ተሳደብን። በሦስተኛው ጩኸቱ ወደ ማላዘን ወረደ። ውሃ በባልዲ፣ እንጀራ በፌስታል አድርገን በአጥሩ ላይ በገመድ ያወረድንለት እኛ ጎረቤቶች ነን። ባለቤቶቹ ሲመለሱ "ጎበዝ፣ ቤቱን ጠበቅህልን!" አሉት። ቤቱን ነው የጠበቀው ወይስ እነሱን?

የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። "ሰው በሚራብበት አገር ስለ ውሻ ይወራል?" ይሄን ክርክር አልቀበለውም። የመንገድ ውሻ ሲርበው ሥጋ ቤት ደጃፍ ይቆማል፣ ገንዳ ይፈትሻል፣ ዝናብ ሲመጣ ጥግ ይፈልጋል። የእናንተ ውሻ ይህን ማድረግ ያልቻለው እናንተ ስላሰራችሁት ነው። ራሱን እንዳይመግብ የከለከለው ሰው የመመገብ ዕዳ አለበት። ይሄ የፈረንጅ ፋሽን አይደለም። ገበሬው አባታችን በሬውን ጠምዶ ውሎ ሳያበላው አያድርም። የሰንበት ዕረፍት እንኳ ሲታዘዝ ለከብቱም ጭምር ነው የታዘዘው።

"ርኩስ ነው" የምትሉም ይሁንላችሁ፣ ቤት አታስገቡት። ደጅ ይደር ማለትና ይራብ ማለት ግን የተለያዩ ናቸው።

"የበዓል ትርፍራፊ ሞልተንለታል" ለምትሉ ደግሞ፦ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳሉ። የዶሮ ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ስንጥር ነው፤ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ሰው በሌለበት ግቢ ቢያንቀው ማን ይደርስለታል?

ርኅራኄው ይቅር ብላችሁ፣ ስለ ልጆቻችሁ እናውራ። የተራበ ውሻ አንድ ቀን ሰንሰለቱን ይበጥሳል። መንገድ ላይ ከማያውቃቸው ውሾች ጋር ይናከሳል፣ ከዚያ ተመልሶ ከልጆቻችሁ ጋር ይጫወታል። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ፤ "እስቲ እንየው" አይባልም። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚውለው ሴፕቴምበር 28፣ ሉዊ ፓስተር በ1895 ባረፈበት ዕለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት! እኛ ክትፎ ላይ ስንሆን፣ ያልተከተበው ውሻችን ሰንሰለቱን እየታገለ ነው።

"ታዲያ ይዘነው እንሂድ?" ከቻላችሁ ደስ ይለኛል። ግን ማዳበሪያ ውስጥ ከቶ ኮፈን ኋላ መጣል ይዞ መሄድ አይባልም። ካልተከተበ ከጉዞው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይከተብ፤ ገጠር የሚያገኛቸው ውሾች አብዛኞቹ ክትባት አያውቁም። ልትነሱ ስትሉ ሆዱን አትሙሉት። በየሁለት ሰዓቱ ቁሙና ውሃ ስጡት፣ ይንሸራሸር። ምሳ ልትበሉ ስትወርዱ መስኮት ዘግታችሁ ፀሐይ ላይ አትተዉት፤ የቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ቆላ ወርዳችሁማ አስቡት።

አሜሪካ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ለገና ውሻችሁን ይዛችሁ ልትመጡ ያማራችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኢትዮጵያ በአሜሪካ መንግሥት ዝርዝር ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ካየለባቸው አገሮች አንዷ ናት። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ወደዚያ የሚመለስ ውሻ ቢያንስ 6 ወር የሞላውና ማይክሮቺፕ ያለው መሆን አለበት። በመንግሥት የጸደቀ የክትባት ማስረጃውንም ከአሜሪካ ሳትወጡ ጨርሱ። አለዚያ ስትመለሱ ጣጣው ብዙ ነው፤ 28 ቀን ኳራንቲን ሊገባ ይችላል። እነሱ ለአንድ ውሻ ጉዞ ወራት ቀድመው ወረቀት ያሟላሉ። እኛ ግድግዳ የምንጋራውን ጎረቤት "አደራ" ማለት አቃተን!

አዎ፣ የምጠይቀው አደራ ነው። በአደራ የኖርን ሕዝብ ነን፤ ልጅ፣ ቁልፍ፣ የእድር ገንዘብ በአደራ እንሰጣለን። ለውሻውም በቀን ሁለቴ ብቅ የሚል አንድ ሰው ፈልጉ፣ ጎረቤትም ይሁን የሰፈር ጎረምሳ። የድካሙን ክፈሉት፤ ከጉዟችሁ ወጪ አንጻር ምንም አይደለም። ቁልፉንና የምግቡን ስንቅ ስጡት። ውሃውን በማይገለበጥ ከባድ ዕቃ አድርጉ። አጥራችሁ ደህና ከሆነ ሰንሰለቱን ፍቱለት። አገር ቤት ሆናችሁም ደውሉና "በላ?" በሉ።

ይህን የማታደርጉ ከሆነ ውሻ አታሳድጉ። ሌባ ከፈራችሁ ጥሩ ቁልፍ ግዙ። ቁልፍ አይርበውም።

መልካም በዓል። በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱ፤ በር ላይ የሚጠብቃችሁም በሰላም ይቆያችሁ።